ሐያትን ያስቀረኋት እኔ ነኝ

ይህን ለዓመታት ለማንም ሳልናገር ኖሬያለሁ። ለነፍስ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን ስናዘዝ ይህችን እየዘለልኩ ነው የኖርኩት። ኃጢአት መሆኑን አልጠራጠርም፤ ከየት ጀምሬ እንደምናገረው ግን ግራ ይገባኛል።

ጅማ ውስጥ አንድ የመንግሥት ጤና ተቋም የዓይን ክፍል ስንሠራ ኦፕቶሜትሪስቶቹ ሁለት ብቻ ነበርን፤ እኔና የሰኮሩዋ ልጅ ሐያት። ዓይን እንመረምራለን፣ መነጽር እናዛለን፣ የባሰበትን ወደ ሐኪም እንልካለን። ከአጋሮና ከሊሙ የሚመጣው ሰው ሰልፉ ግቢውን ይሞላዋል። ደመወዛችን ግን የቤት ኪራይ ከተከፈለበት በኋላ ወሩን አይዘልቅም። ሐያት ደግሞ ታማሚ እናትና ታናሽ እህት ነበሩባት።

አብሮን የተማረ ልጅ ውጭ አገር ወጥቶ ነበርና፣ የእኛ ዲግሪ እዚያ ይሠራ እንደሆነ ጠይቅልኝ አለችኝ። ደወልኩለት። ዲግሪው እንዳለ አይቆጠርም፣ ግን ፈተና አለ፣ ይከብዳል፣ ያጠና ያልፈዋል፣ እኔም አልፌ እየሠራሁ ነው አለኝ። በማግሥቱ ሐያት ምን እንዳለኝ ጠየቀችኝ።

"አይቀበሉም" አልኳት። "ከአንደኛ ዓመት ጀምሩ ነው የሚሉት።"

እጇን ታጥባ ቀጣዩን በሽተኛ በኦሮምኛ ጠራች።

ለምን ዋሸሁ? ያን ሰልፍ ብቻዬን መጋፈጥ ፈርቼ? እኔ ያልደፈርኩትን እሷ ልትደፍር በመሆኑ ቀንቼ? ወይስ እወዳት ነበር? ለራሴ በየጊዜው የተለያየ መልስ እሰጣለሁ፤ አንዱም አያሳርፈኝም። የዋሸሁት እኔ መሆኔን ብቻ ነው የማውቀው።

ሐያት ቀረች። አግብታ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ገባች፣ ወለደች፣ ከሥራ በኋላ መንደራ ቆጪ ሰፈር ካለ መነጽር ቤት እየሠራች ኑሮዋን ደጎመች። እናቷ ሲያርፉ ከጎናቸው ነበረች። ለቅሶ ልደርስ ስሄድ፣ ያኔ መንገዱ ቢከፈትልኝ ኖሮ እማዬን ማን ያስታምምልኝ ነበር አለችኝ። "አልሐምዱሊላህ፣ አላህ በአንተ አፍ ነው ያስቀረኝ።"

ለበጎ ከሆነ በደሉ የት ሄደ? ለክፉ ቢሆንስ ኖሮ? የሰው ዕጣ እንድመርጥ ማን ሾመኝ?

ከዚያ ታናሽ እህቷ ነኢማ በእኛው ሙያ ተመረቀች። እሷም መሄድ አማራት። ሐያት፣ ማሎ እባክህ፣ በከንቱ እንዳትደክም ለእኔ የነገርከኝን ንገራት ብላ ወደ እኔ ላከቻት። ልጅቷ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ጠየቀችኝ። ያችኑ ቃል ልደግም አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣ አለኝ።

"ፈተና አለ" አልኳት። "ያን ጊዜም ነበረ። ለእህትሽ የለም ያልኳት እኔ ነኝ። ንገሪያት።"

በማግሥቱ ሐያት ቀድማኝ ገብታ ቆየችኝ። ሰላምታዬን አልመለሰችም።

"ለምን?" አለችኝ።

"አላውቅም።"

"እሱን እንኳ አታውቅም?"

አላውቅም። ዛሬም በአንድ ክፍል እንሠራለን፤ በሽተኛ ስትልክልኝ እንጂ አታናግረኝም። ነኢማ ለፈተናው እያጠናች ነው። እኔም ሐያትን ይቅር በይኝ አላልኳትም። ምክንያቱን ለራሴ ሳላውቅ ብጠይቃት፣ ሁለተኛ የምዋሻት ይመስለኛል።