ማዶ የታየኝ ጦርነት

ልጅ እያለሁ ጦርነት የሚኖረው ከጣና ማዶ ይመስለኝ ነበር። ሐይቁ ዳር፣ ሹም አቦ ሰፈር ያለው ቤታችን አሥራ አራት ኢንች ቴሌቪዥን ነበረው። አንድ ማታ በሁለት ሰዓት ዜና የሆነ አገር ከተማ ሲጋይ አሳየ፤ ጥቁር ጢስ፣ የፈረሰ ግንብ፣ በቃሬዛ የተያዘ አንድ እግሩ ጫማ የሌለው ሰው። የአገሩን ስም አልሰማሁም። እናቴ ከንፈሯን መጠጠች፤ እኔ የጠቀለልሁትን ጉርሻ መልሼ ማዕዱ ላይ አኖርሁ።

በማግሥቱ ከሐይቁ ዳር ቆሜ ማዶ ሳይ ያው ጥቁር ጢስ ተነሥቷል። አባቴ ደግሞ በሞተር ጀልባው ወደዚያው ዕቃ ያመላልሳል። ለሦስት ቀን እህል አልወርድልህ አለኝ። በአራተኛው ጠዋት የሞተሩን ማስነሻ ገመድ ሱሪዬ ውስጥ ደበቅሁ።

አባቴ ገመዱን ፍለጋ የነዳጅ ጀሪካኑን ሳይቀር ሲያገላብጥ ግን አላስቻለኝም፤ አውጥቼ ሰጠሁት።

«አንተ! ለምን?»

«እንዳትሞት። ጦርነቱ እዚያ ነው።»

በጥፊ ይለኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ። እሱ ማዶውን አየ፣ እኔን አየ። «እንግዲያው ግባ። አብረን እናየዋለን።»

እስክንደርስ የጀልባዋን ጠርዝ አልለቀቅሁም። ጢሱ ሥር አንዲት አሮጊት ቆመው የደረቀ ደንገልና ሣር ያቃጥላሉ። ለካ ሐይቁ ሲሸሽ የሚለቀውን ጥቁር መሬት ለሽምብራ እያዘጋጁ ነው።

«ጦርነቱ የት ነው?» አልኋቸው ከጀልባዋ ሳልወርድ።

«የምን ጦርነት?»

«በቴሌቪዥን የታየው» አለ አባቴ ሳቁን ውጦ።

«ኧረ ጦርነትስ አለ! ከአይጥ ጋር ነው። ምን ታፈጣለህ፣ ወንድ ከሆንህ ውረድ!» ብለው ዱላ ዘረጉልኝ።

ወረድሁ። ከእሳቱ የሚሸሹትን አይጦች አባረርሁ፤ አንድም አልመታሁም፣ እሳቸው ግን እልልታውን አቀለጡት። ስንመለስ ጀልባዋ ዳር ሳትነካ ዘልዬ ጉልበቴ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆምሁና፣ «ማዶ ጦርነት የለም! አይቼ መጣሁ!» ብዬ ጮህሁ። ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ሥራቸውን ትተው አጨበጨቡልኝ። ያን ማታ ሁለት እንጀራ በላሁ።

ጦርነቱ ሐሰት እንዳልነበረ፣ ሩቅ እንደነበር ያወቅሁት ኋላ ነው።

ያን ጊዜ ቴሌቪዥኑ አንድ ነበር፤ የምናየውም በአንድ ማዕድ ዙሪያ ተቀምጠን ነው። አሁን የእህቴ ልጅ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ በስልክ ምን እንደሚያይ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ሲመለስ «ዛሬ ምን አየህ?» እለዋለሁ። ለወራት መልሱ ትከሻውን መነቅነቅ ብቻ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ራሱ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር አይቼ ፈራሁ።»

ራሱ ሊነግረኝ በመምጣቱ ልቤ በደስታ ዘለለ፤ ፊቴ ላይ ግን አላሳየሁትም። «ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ» አልሁት።

እስከ መጨረሻው ነገረኝ።