በልደታ የተተከለ ቃሪያ

ስመኝ አንድ ነገር ካለች አለች ነው። ሆስፒታል ውስጥ በልብስ ማጠቢያ ክፍል ስትሠራ አለቆቿ ያወቁላት ይህንኑ ነበር። ጡረታ ከወጣች ወዲህ ደግሞ በቶሮንቶው ፍሌሚንግደን ፓርክ፣ ከረጃጅሞቹ ሕንጻዎች ጀርባ ባለው የጋራ አትክልት ቦታ፣ መደባቸው ከመደቧ የሚዋሰን ሁሉ ያውቁታል።

በበረዶው ወራት የኪዳነ ምሕረት ጽዋ ማኅበር ተራው እሷ ዘንድ ደርሶ ሰው ሲሰበሰብ፣ ሙሉእመቤት ምግቡን ነካ ነካ አድርጋ ተወችው። ሙሉእመቤት የረጅም ዘመን ባልንጀራዋ ናት፤ ከከባድ ሕክምና ገና መውጣቷ ነበር። ሐኪሞቹ ድነሻል ቢሏትም አፏ አልዳነም።

«ሁሉም ነገር ወረቀት ወረቀት ይለኛል» አለች። «ምናልባት የሚያቃጥል ቃሪያ ቢሆን። የዚህ አገሩ ደግሞ ሣር ነው።»

«ለፍልሰታ ፍቺ፣ ዓይንሽን የሚያስለቅስ ቃሪያ ከመደቤ ቀጥፌ አበላሻለሁ» አለች ስመኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ዘሩን ያገኘችው አትላንታ ከምትኖረው ታናሽ እህቷ ከተሻለች ነው። በእርጎ ኩባያ ዘርታ ማሞቂያው አጠገብ፣ መስኮት ሥር ደረደረችው። በሚያዝያ መጨረሻ ተሻለች ደወለች።

«የኔ አበባ አውጥቷል እትዬ። ቲማቲሙማ ፍሬ ይዟል። ያንቺስ?»

«ገና ቤት ውስጥ ነው።»

«እስካሁን? ችግኝ ነው ወይስ ሙሽራ፣ ከቤት የማይወጣው?»

ነገሩ ስመኝን ቆረቆራት። አትላንታ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚተከልበት፣ ብርዱ ለይምሰል ብቅ ብሎ የሚሄድበት አገር መሆኑን ልብ አላለችም። በዚያው ሰሞን ቶሮንቶም ፀሐይ በረታች፤ ሰዉ በቁምጣ ወጣ። የግንቦት ልደታም ደረሰች። እናቷ የጓሮ አትክልቷን ትተክል የነበረው ሁልጊዜ በልደታ ማግስት ነው። ስመኝም በማግስቱ ኩባያዎቹን በጋሪ ጭና ወረደች።

ጎረቤት መደብ ያለው ኸይረዲን፣ የጅማ ሰው ነው፣ ጡረተኛ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፤ አካፋውን ተደግፎ ሲያያት ቆየ።

«እሜቴ፣ በግንቦት አጋማሽ የሚውለው የቪክቶሪያ ቀን ሳያልፍ ቃሪያ ደጅ አይወጣም። እዚህ አገር ሕጉ እሱ ነው።»

«እኔ የምተክለው በልደታ ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ ቃሪያ በልታ ታውቃለች?»

«እሷስ አልበላችም። ፍሮስቱ ግን ይበላል።»

ሳምንት ሳይሞላ ውርጭ ወረደ። ጠዋት ስትደርስ ቅጠሉ እንደ ተቀቀለ ጎመን ጠቁሮ ግንዱ ላይ ተለጥፏል። ሦስት ችግኞች ብቻ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ የዝናብ ውኃ ከሚጠራቀምበት በርሜል ሥር የተተከሉት ናቸው። በርሜሉ የቀኑን ሙቀት ይዞ አድሮ ኖሯል። ኸይረዲን መጥቶ አየ። ሕጉን መልሶ አላነሣባትም።

«ሦስት ለእናንተ ደህና ቁጥር አይደል?» አለ ብቻ።

ስመኝ አልሳቀችም። ሱቅ ውስጥ ችግኝ ሞልቷል፤ ግን የሚያፈራው ያንኑ ሣር ነው። ለእህቷም ምንም አልነገረቻት።

ከሐምሌ ጀምሮ ሙቀቱ ከሐይቁ እርጥበት ጋር ተጋብቶ ከተማዋን የእንፋሎት ቤት አደረጋት። አውቶቡስ ውስጥ ሰው ሁሉ አየሩን ያማርራል፤ ቃሪያዎቹ ግን ወደዱት። ስመኝ ጠዋትና ማታ ታጠጣቸዋለች፤ እነሱም ቅርንጫፋቸው እስኪጎብጥ አፈሩ። ተሻለች በበኩሏ፣ ሌሊቱ አልቀዘቅዝ ብሎ አበባዋ እየረገፈ መሆኑን፣ እስከ መስከረም ፍሬ እንደማታይ ነገረቻት። ስመኝ «ውይ፣ አይዞሽ» አለች። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ፈገግ አለች።

ፍልሰታ እንደ ገባ ኸይረዲን አንዱን ቀጥፎ ገመጠ፤ ሳይቸኩል አኘከው።

«እሜቴ፣ ይኼ ዱባ ነው።»

ቀመሰችው። እውነቱን ነው። ያማረ፣ ውኃ የሞላው፣ ጣፋጭ ነገር ነበር።

ያን ማታ ውርጩንም ዱባውንም ለእህቷ ዘርዝራ ነገረቻት። ተሻለች መጀመሪያ ሳቋን ጨረሰች።

«ውኃ አበዛሽበት እትዬ። ለሚያዝያው ቀልዴ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ የነሐሴ አየራችሁ ግን ከኛው አይለይም። ዝናብ ሲበዛ ቃጠሎው ይጠፋል። አስጠሚው።»

ስመኝ ማጠጣቱን ተወች። ሰማዩ ግን አልተወም፤ ከቀትር በኋላ እያጉረመረመ ይዘንባል። እሷም ዳክዬ የተሣለበትን የመታጠቢያ ቤት መጋረጃዋን አውርዳ፣ አራት እንጨት ተክላ፣ ለሦስቱ ቃሪያዎች ድንኳን ጣለችላቸው። ደመና ሲጠቁር ሌላው ወደ ቤቱ ይሮጣል፤ እሷ መጋረጃውን ልትዘረጋ ትሮጣለች።

«አገር ምድሩ ዝናብ ይለምናል፣ አንቺ ትጋርጂዋለሽ» አለ ኸይረዲን። «ሻወር እየወሰዱ ከሆነ ሳሙና ላምጣ?»

«ጀርባቸውን የሚያሽ ነው የጠፋው። ና ግባ።»

ቀትር ላይ ቅጠላቸው ጠውልጎ ሲንጠለጠል እጇ ወደ ባልዲው ይሄዳል። ያን ጊዜ ፊቷን አዙራ ኸይረዲን መደብ ገብታ አረም ትነቅላለች፤ መደቡ እንደዚያ ዓመት ጸድቶ አያውቅም።

ፍልሰታ ተፈታ። ሙሉእመቤት ቀሚሷ አሁንም ሰፍቷት መጣች። ስመኝ ቃሪያውን ሰንጋ፣ ሽንኩርትና ጨው ጠቅጥቃ፣ ከወጡ ጎን አቀረበች። ራሷ አልቀመሰችውም፤ ዳግመኛ ዱባ ሆኖ ቢገኝ ሌላ መላ አልነበራትም።

ሙሉእመቤት ከጫፉ ገመጠች። አፍንጫዋ መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ውኃ» አለች።

ስመኝ ቀድታ ሰጠቻት። ሙሉእመቤት ብርጭቆውን ተቀብላ ሳትጠጣ ወደ ጎን አስቀመጠችው፤ ወጡን በእንጀራ ጠቅልላ ጎረሰች፤ ደግማ ጎረሰች፤ ቃሪያውንም መልሳ አነሣች።

«ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ?» አለች አፏ እንደሞላ። «ወጥ ጨምሪልኝ እንጂ።»

ስመኝ ጭልፋውን አነሣች።