ጋሽ አንጁሎ የተቀመጡበት ቀን

ሶዶ ውስጥ ልጅ ለመዳር ሽማግሌ የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚያንኳኳው የጋሽ አንጁሎን በር ነው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ዋና ሥራቸው ይኸው ሆኗል። ቋሚ ሕጋቸው አንድ ነው፦ ለሽምግልና የሄደ ሰው የለመነውን ሳያገኝ አይቀመጥም። የልጅቷ አባት ወንበር ቢያቀርብ፣ ቢለማመጥ፣ ቢቆጣ፣ እሳቸው እንደ ቆሙ ናቸው። አንዴ በዴሳ ከተማ ቀኑን ሙሉ ቆመው ጉልበታቸው አብጦ ተመልሰዋል፤ የአባትየውን እሺታ ግን ይዘው ነበር።

ዘንድሮ በራቸውን ያንኳኳው ሚልክያስ ነው፤ የፊዚክስ መምህር፣ የጎረቤታቸው ልጅ። ኢየሩሳሌም የምትባል የሻንቶ ከተማ ልጅ ወዶ እንቅልፍ አጥቷል። አባቷ አቶ ባዳቾ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ተልኮባቸው ሁለቱንም መልሰዋል። የተላኩት ሰዎች ወንበር ሲያዩ ዘፍ ብለው፣ ሻይ ጠጥተው፣ ባዶ እጃቸውን መጡ። ይህ ሦስተኛው ነው፤ አሁንም እምቢ ከተባለ ሌላ ሽማግሌ መላክ ነውር ነው።

ጊዜው ክረምት ነበርና ሚልክያስ የጋሽ አንጁሎን አዲስ ጫማ አገላብጦ አየው። ሶሉ ቆዳ ነው፣ ልሙጥ። ይህ ጫማ ሰበቃ የለውም፣ ጭቃውን ቆንጥጦ የሚይዝበት ጥርስ የለውም፣ የላስቲክ ቦትዎን ያድርጉ ብሎ ለመናቸው። ጋሽ አንጁሎ ተቀየሙ።

«እኔና መሬት ተጣልተን አናውቅም፤ ምን አስታራቂ ያስፈልገናል?» አሉት።

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባል የለ።

የአቶ ባዳቾ ግቢ ከአጥሩ በር እስከ ቤቱ ቁልቁል ነው። ባለቤታቸው ጥሩነሽ እንግዶቹ ጫማቸው እንዳይጨቀይ ብለው እርጥብ የእንሰት ቅጠል ቆርጠው በመንገዱ ላይ አንጥፈዋል። ወላይታ ያደገ ሰው ሁሉ በልጅነቱ በዚህ ቅጠል ላይ ተቀምጦ ዳገት ወርዷል። እንግዳ ሲመጣ ግን ይህ ይረሳል፤ አክብሮት ዕውቀትን ያስረሳል መሰለኝ።

አብረዋቸው የሄዱት ሽማግሌ አቶ ኤርካሎ በዳር በዳሩ ጭቃውን እያቦኩ ወረዱ። ጋሽ አንጁሎ ግን የሴትዮዋን ክብር አልነካም ብለው ቅጠሉን ረገጡ። ቀኝ እግራቸው ቀድሞ ሄደ። ግራው ሊመልሰው ተከተለ፣ እሱም አልተመለሰም። ሰላምታቸውን ከላይ ጀምረው ከታች ጨረሱት፤ በቂጣቸው ተንሸራተው ደጃፉ ላይ ከቆሙት ከአቶ ባዳቾ እግር ሥር ደረሱ።

አቶ ባዳቾ ቁልቁል አዩዋቸው። «እንግዲህ ጋሽ አንጁሎ ተቀምጠዋል» አሉና ሻይ እንዲመጣ አዘዙ።

ኤርካሎ ፊታቸው ጠቆረ። ጋሽ አንጁሎ አስፋልቱ ዳር ቆሞ የሚጠብቃቸውን ሚልክያስን አሰቡና ዕንባ መጣባቸው። መቼም የወደቀ ሽማግሌን ማንሳት ግድ ነውና አቶ ባዳቾ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ዘረጉ፤ ሲዘረጉ ግን ቅጠሉን ረገጡ። በአንድ አፍታ ፊት ለፊት ተቀመጡ። አንዱ ሊነሳ ሲሞክር ሌላውን ይዞ ይወርዳል። ኤርካሎ ከዳር ሆነው ያያሉ እንጂ መጠጋት ፈሩ።

«ቆሜ ልለምንዎ ነበር የመጣሁት» አሉ ጋሽ አንጁሎ። «አሁን ግን ልጅቷን ካልሰጡን አልነሳም።»

አቶ ባዳቾ ሳቃቸው አመለጣቸው። ሆዳቸውን ይዘው ስቀው ሲያበቁ፣ «ልጁን ጠልቼው አይደለም» አሉ ቀስ ብለው። «እሷ ስትሄድ ቤቴ ጭር ይላል ብዬ ነው።»

«የእኔ ቤት ጭር ካለ ቆየ። ልጆቼን ሁሉ ዳርኩ፣ ሚስቴን ቀበርኩ። ሽምግልናውን የማልተወው በሬን የሚያንኳኳ ሰው እንዳላጣ ነው» አሉ ጋሽ አንጁሎ። ይህን ለማንም ተናግረው አያውቁም ነበር።

አቶ ባዳቾ «ሰጥቻለሁ» አሉ።

ከዚያ የጫማቸውን ሶል ለሶል አጋጠሙ፣ እጅ ለእጅ ተያያዙ፣ እኩል ሳቡ። አንዱ የሌላው መቆሚያ ሆኖ ሁለቱም ተነሱ። ሚልክያስ በኋላ ሲሰማ ነገሩን በጥቁር ሰሌዳ ሊያስረዳቸው ሞክሮ ነበር፤ ጋሽ አንጁሎ ግን በቂጤ ተምሬዋለሁ ብለው መለሱት።

ሠርጉ ካለፈ ወዲህ ጋሽ አንጁሎ በየቅዳሜው የላስቲክ ቦት ጫማቸውን አድርገው ሻንቶ ይሄዳሉ። በሩን ያንኳኳሉ። አቶ ባዳቾ ወንበር ያቀርባሉ፤ ጋሽ አንጁሎም ሳይለመኑ ይቀመጣሉ።