የበርሜሉ ዛፍ

ልጅ እያለሁ፣ ጋምቤላ በተከራየነው ቤት መስኮት ላይ መጋረጃ ተሰቅሎ አያውቅም። አባቴ ከደጋ የመጣ መምህር ነበር፤ ዝውውር ከጠየቀ ዓመታት ቢያልፉም «ዘንድሮ እንሄዳለን» ማለቱን አልተወም። ሳህኖቻችን ካርቶን ውስጥ፣ የክት ልብሳችን ሻንጣ ውስጥ ነበር፤ ከባሮ ዳር የሚመጣው የዓሣ ጥብስ ሽታ ግን እዚያም ገብቶበታል። አባቴ የመኪና ድምፅ በሰማ ቁጥር ብድግ ይላል፤ እኛም አብረነው ብድግ። ዛሬም ደጄ ላይ መኪና ሲቆም ብድግ እላለሁ።

እናቴን በዚያ ሙቀት ጥላ አማራት። እኛ ልጆች እንደ ጎራዴ ከምንመታታበት የድሬዳዋ ዛፍ ፍሬ አንዱን ፈልቅቃ ከዘሩ ችግኝ አፈላች። መሬት ላይ ልትተክለው ስትል አባቴ፣ ለሰው ግቢ ምን አለፋሽ፣ ስንሄድ ይዘነው እንድንሄድ በርሜል ውስጥ ይሁን አላት። ለሁለት በተቆረጠ በርሜል አፈር ሞልተን ተከልነው።

እኔ ቀይ አበባውን ለማየት ቸኩዬ ጠዋት ማታ ውኃ ሳጠጣው ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። እናቴ ባልዲውን ደበቀችብኝ። ያኔ ነው ነፍስ የዘራው፤ በየበጋው ደረቀ፣ አበቃለት ስንል አዲስ ቅጠል ያወጣል። የአከራያችን ልጅ አሪየት እኩያዬ ነበረች። አንድ ቀን በርሜሉን ዞር ዞር ብላ አየችና «ዛፉ ምን አጠፋ? ለምን አሰራችሁት?» አለች። ሁላችንም ሳቅን፤ አባቴ አልሳቀም።

በመጨረሻ ዝውውሩ መጣ። ዛፉ በቁመት ከአባቴ በልጦ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እምቡጥ ይዞ ነበር። አይሱዙው ደጅ ቆሞ አባቴ፣ ሾፌሩና ረዳቱ በርሜሉን ሊያነሱ ያዙት፤ ንቅንቅ አልል አለ። ጎንበስ ብለው ሲያዩ የበርሜሉ ቂጥ በዝገት ተበልቷል፤ ሥሩ እኛ ሳናውቅ መሬት ገብቷል። ሾፌሩ ሥሩን እንዲቆርጥ ለአባቴ ገጀራ አቀበለው።

አባቴ ገጀራውን እንደያዘ ቆመ። እናቴ ጠጋ ብላ፣ «ወይ ቁረጠውና እንሂድ፣ ወይ ተወውና እዚሁ እንረፍ» አለችው። እንደዚያ ስትለምን ሰምቻት አላውቅም። እኔም ሻንጣው ላይ ተቀምጬ፣ ምነው በቀረን እል ነበር። አባቴ ገጀራውን ለሾፌሩ መለሰለት። ዛፉን ተወው፤ እኛን ግን ጫነን።

በሄድንበት ከተማም መጋረጃ አልሰቀልንም። አባቴ ዓመት ሳይሞላው ሌላ ዝውውር ጠየቀ።

አሁን ጀዊ የስደተኞች ካምፕ ሥራ ይዤ ጋምቤላ ተመልሻለሁ። የድሮ ቤታችንን ለማየት ብሄድ፣ ዛፉ ግቢውን በሙሉ አልብሶታል፤ መሬቱ በአበባው ቀልቷል። ከበርሜሉ የቀረው ግንዱ ሥር ያለ የዛገ ቀለበት ብቻ ነው። አሪየት ጥላው ሥር ወንበር አውጥታልኝ ስለ ኑሮዬ ጠየቀችኝ። ኮንትራቴ በየዓመቱ እንደሚታደስ፣ ስለዚህም ዕቃዬን ከካርቶን እንዳላወጣሁ ነገርኳት። ዛፉን በአገጯ አሳየችኝና፣ «እሱ ተፈቷል። አንቺስ?» አለችኝ።

በማግስቱ ገበያ ወጥቼ መጋረጃ ገዛሁ። ይኸው ሳምንት ሆነው፤ ካርቶኑ ላይ እንደተቀመጠ ነው።