ለነርቭ ጥሩ ነው የተባለው ዘይት

እኅቴ የሚጥል በሽታ አለባት። ሐኪም ያዘዘላትን ኪኒን ጠዋትና ማታ ትውጣለች፤ ከጣላትም ዓመታት አልፈው ነበር። ቤቴል ሰፈር ባለ መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ሰው የበሽታውን ስም ሲሰማ አልጋ ላይ የቀረች ምስኪን ስለምትታየው ነው። አይደለችም። መንገድ ላይ አብረን ስንሄድ ወደ ኋላ የምቀረው እኔ ነኝ።

ተማሪ ሳለች አንድ ጊዜ ጦር ኃይሎች የታክሲ ሰልፍ ላይ ጣላት። ሰው ከበባት። አንዱ ክብሪት ጭሮ ጭሱን አፍንጫዋ ሥር ደገነው። «ኧረ ተው!» እያልኩ ስጮኽ አንዲት ሴት «ዝም በይ፣ መድኃኒቱ ነው» ብላ ገፈተረችኝ። በሽታው ወዲያው ለቀቃት። የአፍንጫዋ ጫፍ ላይ የተቃጠለው ግን ለሳምንታት አልዳነም፤ ትምህርት ቤት የሄደችው በነጠላ ተሸፋፍና ነው። ሰው ሁሉ አፍንጫዋን እንደ ራሱ በር የሚያንኳኳው ለምን እንደሆነ ያኔም አልገባኝም፣ ዛሬም አይገባኝም።

የክርስትና እናቷ ጎረቤታችን ናቸው፤ ግቢያችንን የሚለየው ቆርቆሮ ብቻ ነው። እሳቸው ባለፈው ዓመት አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሥልጠና ወስደው፣ ትንንሽ ጠርሙሶች የሞላበት ቦርሳ ይዘው መጡ። ኢሴንሻል ኦይል ይባላል፤ ከአበባና ከቅጠል የሚጨመቅ፣ የሚሸተት ዘይት። ከዚያ ቀን ወዲህ እሳቸው የማያድኑት በሽታ ጠፋ። ለስኳር አለ፣ ለደም ግፊት አለ፣ ለትዳር ጭቅጭቅ እንኳን አለ።

ለእኅቴ መጀመሪያ ላቬንደር የሚባለውን የአበባ ዘይት ሰጧት። እውነቱን ልናገር፣ ወደደችው። ከሥራ ስትመለስ መሐረቧ ላይ ጠብ አድርጋ ታሸትተዋለች፤ ፊቷ ፈታ ይላል፣ እንቅልፏም ተስተካከለ። እኔም ምንም አላልኩም። ሁለተኛውን ጠርሙስ ሲያመጡ ግን እዚያው ነበርኩ።

«ይሄኛው ጠንከር ያለ ነው፣ ለነርቭ ነው። በሙቅ ውኃ ታጠኚው። ያንን ኪኒን ደግሞ ቀስ እያልሽ ትቀንሺዋለሽ። ኬሚካል እኮ ነው፣ ልጄ።»

«ኪኒኗን አይንኩባት፣ እትዬ» አልኳቸው።

«አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ ቁጣ» አሉኝ።

እኅቴ ኪኒኗን አልቀነሰችም። ይህን አጥብቄ እናገራለሁ፤ በኋላ «መድኃኒቷን ትታ ነው» ብለው አስወርተውባታልና።

ቅዳሜ ከሰዓት ጉንፋን ይዟት ነበር። ሳፋ ላይ የፈላ ውኃ አድርጋ፣ ከሁለተኛው ጠርሙስ ዘይት ጨምራ፣ ፎጣ ተከናንባ ትታጠናለች። እኔ ውጭ ልብስ አሰጣለሁ። ሳፋው ሲገለበጥ ሰምቼ ሮጬ ስገባ ወለሉ ላይ እየተንቀጠቀጠች ነው፤ ውኃው ቀኝ ክንዷ ላይ ፈስሷል። በጎኗ አስተኛኋት፣ ጭንቅላቷ ሥር ሹራቤን አደረግኩ፣ ቤቱን የሞላው ሽታ እንዲወጣ መስኮቱን በረገድኩት። ጩኸቴን ሰምተው የክርስትና እናቷ ደረሱ።

«እሰይ!» አሉ። «እየወጣላት ነው! ዘይቱ እየሠራ ነው!»

እኅቴ ከንፈሯ ጠቁሯል፣ እሳቸው እሰይ ይላሉ። ይባስ ብለው መደርደሪያው ላይ ያለውን ክብሪት አንሥተው ሊጭሩ ጎንበስ አሉ። እጃቸውን መታሁት። የክብሪት እንጨቱ ወለሉ ላይ ተበተነ። ትልቅ ሰው መታሁ፤ አልተጸጸትኩም።

ክሊኒክ ስንደርስ እኅቴ ነቅታ ነበር፤ ክንዷ ውኃ ቋጥሯል። ሐኪሟ ይዤ የመጣሁትን ጠርሙስ ተቀብላ ጽሑፉን አነበበች።

«ባሕር ዛፍ፣ ካምፎር የሚባል ዛፍ፣ የጥብስ ቅጠል» አለች።

«ለጥብስ የምናደርገው?» አለች እኅቴ።

«እሱ። ጥብስ ውስጥ ችግር የለውም። ተጨምቆ ዘይት ሲሆን ግን በጣም ብርቱ ነው። ሽታ ከአፍንጫ ወደ አንጎል ቅርብ መንገድ አለው፤ ስሜትና ትዝታ ወዳለበት ቦታ በቀጥታ ይገባል። ላቬንደሩ ያረጋጋሽ ለዚህ ነው። እነዚህ ሦስቱ ደግሞ የአንጎልን ሴሎች ከልክ በላይ ሊያነቃቁ ይችላሉ። የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው አይመከሩም። ጣይው።»

በሳምንቱ የክርስትና እናቷ ቤት ሄድን። ሳሎናቸው ውስጥ ሴቶች ተቀምጠው ጠርሙስ እየተቀባበሉ ያሸትታሉ። እኔ ገና ከበሩ ጀመርኩ። ሐኪም ነዎት ወይ፣ ማን ፈቀደልዎት፣ እኅቴን ሊገድሏት ነበር አልኩ። እሳቸው «እኔ የተማርኩትን ነው የነገርኳት። ስንቱ ድኖበታል! እሷ አብዝታው ይሆናል» አሉ። ያቺ «አብዝታው ይሆናል» ደሜን አፈላችው። ልቀጥል ስል እኅቴ በደኅናው እጇ ያዘችኝ።

«አንዴ ዝም በይልኝ» አለች። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞረች። «እትዬ፣ የእኔ ዓይነት በሽታ ላለበት ሌላ ሰው ሰጥተዋል?»

እሳቸው አጠገባቸው ያለውን ጠርሙስ ክዳን አጠበቁ።

«አየር ጤና፣ ጋራዡ ጀርባ» አሉ በመጨረሻ። «አንዲት እናት... ለሴት ልጇ።»

ያኔውኑ ታክሲ ይዘን ሄድን። እየጠየቅን ቤቱን አገኘነው። በሩን የከፈተችው እናትየዋ ናት፤ መጀመሪያ የምንሸጥ መስሏት ልትዘጋብን ነበር። እኅቴ ፋሻውን ፈትታ ክንዷን አሳየቻት፣ ሐኪሟ ያለችውን አንድ በአንድ ነገረቻት። ሴትየዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ለካ ዘይቱን በየቀኑ ልጅቱ ትራስ ላይ ትቀባላት ነበር። ልጅቱን ሰሞኑን በየቀኑ ይጥላት ጀምሮ፣ እናትየዋ ዘይቱ ያነሰ መስሏት ጨምራበት ነበር። ትራሱን አውጥታ ግቢው ውስጥ ስትወረውረው እያለቀሰች ነው።

ልጅቱ እየተሻላት መሆኑን እኅቴ እየደወለች ትጠይቃለች። የክርስትና እናቷ ግን ዛሬም ይሸጣሉ። ለፋሲካ እኅቴ ሄዳ ጉልበታቸውን ሳመች፤ እኔ ከበር አላለፍኩም።

«እንዴት ትስሚያቸዋለሽ?» አልኳት ስትመለስ።

«ካኮረፍኳቸው ለማን እንደሚሸጡ አይነግሩኝም» አለችኝ፣ ጫማዋን እያወለቀች። «አሁን እንደ እኔ የሚጥላት የአንዲት ገዢ ስልክ ሰጥተውኛል። ነገ አብረሽኝ ትሄጃለሽ?»

ሄድኩ። እየተናደድኩ ሄድኩ።