ለእትዬ ዘይነባ የተረጎምኩት ፊልም

ነገሩ የጀመረው ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሸዋ ሮቢት በተከራየሁበት ግቢ ነው። ለእናቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም ሌላ ሌላውን ስዘረዝር ይህን እዘለው ነበር። ይህን የምታነቡ እናንተ የመጀመሪያዎቹ ሰሚዎቼ ናችሁ።

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ እንግሊዝኛ እንዳስተምር እዚያ ተመደብኩ። አከራዬ እትዬ ዘይነባ ባላቸው ሞተውባቸው ብቻቸውን ይኖራሉ። አንዲት ልጃቸው ሉባባ ለቤት ሠራተኝነት ጅዳ ሄዳ፣ ከአሠሪዎቿ ጋር ወደ ለንደን ተሻግራ እዚያው ቀርታለች። ከተያዩ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። እሑድ እሑድ ጠዋት ትደውላለች።

በዚያ ሳምንት በሰው እጅ አንድ የእንግሊዝ ፊልም በሲዲ ላከች፤ የቤተሰብ ታሪክ ነው። ማቀፊያው ውስጥ ለእኔ የተጻፈች ብጣሽ ወረቀት ነበረች። «እህቴ፣ ባንተዋወቅም እናቴ ስለ አንቺ ሁሌ ታወራኛለች። ይህን ፊልም አንድም ሳታስቀሪ ተርጉሚላት። እኔ መናገር ያቃተኝን ይናገርልኛል። እሑድ ስደውል ምን እንዳለች እሰማለሁ።»

እትዬ ዘይነባ የአንድ ለአምስት ጓደኞቻቸውን ጠሩ። ሴቶቹ ማሾ በሰፌድ ይዘው እየለቀሙ ተቀመጡ። እኔ ከዴኩ አጠገብ በርጩማ ላይ ነበርኩ። ከተማሪ በስተቀር ሰው ፊት ስናገር ድምፄ ይጠፋል።

«ይኸ ሁሉ ዝናብ!» አሉ ጎረቤታችን እትዬ ሰዓዳ፣ ፊልሙ ገና ሲጀምር። «ግማሹን ለእኛ ወረዳ ለቀወት ቢልኩልን ምን ነበረበት?»

«አንቺ ደግሞ! ዝም በይና ቲቸር ታስረዳን» አሉ እትዬ ዘይነባ።

አንዲት ወጣት በባቡር ወደ እናቷ ቤት ትመለሳለች። የሦስት ዓመት ልጅ እጇን ይዟል። እናትየዋ በሩን ከፍታ «ይኼ የማን ነው?» ትላለች። ልጅቷ «የእኔ ነው። ሳላገባ ወለድኩት፤ ልነግርሽ ፈርቼ ነው» ትላለች።

ያኔ ገባኝ። ሉባባ ልጅ አላት።

«ምን አለች?» አሉ እትዬ ዘይነባ።

ስድስት ሴቶች ወደ እኔ ዞሩ። «የአሠሪዎቿ ልጅ ነው አለች። ሞግዚት ናት» አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት። ማን አስገደደኝ? ማንም። ከዚያ በኋላ አንዱን ውሸት ለመደገፍ ፊልሙን እስከ መጨረሻው ዋሸሁት። እናትየዋ ስትቆጣ «ሥራው ጎድቶሻል፣ ተዪው እያለቻት ነው» አልኩ። መጨረሻ ላይ ሕፃኑን አቅፋ ስታለቅስ «ሊሄድባት ስለሆነ ነው» አልኩ።

«ሱብሃነላህ! ለባዳ ልጅ እንዲህ ይለቀሳል?» አሉ እትዬ ዘይነባ።

«እነሱ ለውሻም ያለቅሳሉ» አሉ እትዬ ሰዓዳ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ለብዙ ጊዜ ለራሴ «ጎረቤት ፊት ገመናቸውን ሸፈንኩላቸው» እል ነበር። ታዲያ ሴቶቹ ሄደው ሁለታችን ብቻ ስንቀር አፌን ምን ያዘው? እትዬ ዘይነባ ለመግሪብ ውዱእ እያደረጉ «አላህ ይስጥሽ፣ ልጄ ያየችውን አሳየሽኝ» ሲሉኝስ? ፊታቸው ሲለወጥ ላለማየት ነው ዝም ያልኩት። ያሳሰበኝ የእሳቸው ክብር አልነበረም። እኔ እንዳልጨነቅ ነው።

ከማግስቱ እሑድ በኋላ፣ ሌላ ከተማ እስክዛወር ድረስ ሉባባ ዳግም አልደወለችም። እትዬ ዘይነባ በየእሑዱ ስልኩን ይዘው በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ። «በምን አስከፋኋት ይሆን?» ይሉኛል። «ሥራ በዝቶባት ነው» እላለሁ። እኔ አውቅ ነበር። የቅዳሜው ውሸት ብቻ ቢሆን ይታረም ነበር፤ እንዳይታረም ያደረግሁት በማግስቱ ጠዋት ነው። ይቅርታ አልለምናችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ያደረግሁትን ግን እስከ መጨረሻው ልናገር።

እሑድ አራት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። እትዬ ዘይነባ ድምፁን ከፍ አድርገው ስለሚያወሩ ሁሉንም እሰማለሁ።

«እማ፣ ፊልሙን አየሽው?»

«አየሁት ልጄ። ቲቸር አንድም አላስቀረች።»

«ታዲያ… ልጅቷን ምን አልሻት?»

«ምን እላታለሁ? ልጁን እዚያው ትታ ብቻዋን መምጣት ነበረባት። ምን ብላ እናቷ ደጅ ይዛው ትመጣለች?»

እትዬ ዘይነባ ስልኩን አገላብጠው አዩት።

«ሄሎ? ተቋረጠ እንዴ?»

«ለቲቸር ስጪልኝ» አለች በቀጭኑ።

ድምፁን ቀንሼ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ።

«ልጁ የራሷ መሆኑን ነግረሻታል?»

እትዬ ዘይነባ ፊት ለፊቴ ቆመው ፈገግ ብለው ያዩኛል። «አልነገርኳቸውም» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ስልኩን ይዤ ወደ ግቢው መውጣትም እችል ነበር።

«አዎ» አልኩ።

«እሺ እህቴ። አመሰግናለሁ» አለችና ዘጋችው።

ስልኩን ለእትዬ ዘይነባ መለስኩላቸው። «ሰላም ብላዎታለች» አልኳቸውና ክፍሌ ገብቼ የተማሪ ደብተር ማረም ጀመርኩ።