የጾም ምሳ በቡድሃ ቤተ መቅደስ

ጾም በገባ ሰሞን አማቴን ከምንኖርበት ከፌርፋክስ ከተማ ይዣቸው ወጣሁ፤ ኮረብታው ላይ ያለውን የድሮ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ላሳያቸው ብዬ። መኪናውን ፓርክ አድርጌ እንደወረድን አበባውንና ሸለቆውን አይተው "እንዴት ያምራል!" አሉ። ደረጃውን ወጥተን ወርቅ የተቀባውን ሐውልት ሲያዩ ግን አማተቡና "ቱ! ጣዖት!" ብለው በራፉ ላይ ምራቃቸውን ጢቅ አሉበት።

ምራቁ ፀሐይ ላይ አብረቀረቀ። የቤተ ክርስቲያናችን ደጅ ላይ ማንም እንዲህ ቢያደርግ አማቴ እሪ ብለው ሰፈሩን ያሸብሩት ነበር።

ራሷን የተላጨች አሮጊት መነኩሲት ጨርቅ ይዛ መጣች፤ ተንበርክካ ጠረገችው። ከዚያም ፈገግ ብላ ወደ ምግብ አዳራሹ መራችን። እዚያ ሥጋም ወተትም አይገባም፣ ሁሉም የጾም ነው አልኳቸው። ቅድም የተፋው አፍ ምሳውን አልተጠየፈም። ሁለት ሳህን ሙሉ በሉ፤ የተረፈውንም ለቤት አስቋጠሩ።

መኪና ውስጥ ቋጠሯቸውን ጭናቸው ላይ እንዳቀፉ በጭንቀት ዞረው አዩኝ።

"ልጄ፣ ቅቤ እንዳልነካው እርግጠኛ ነህ? እነዚህ ሰዎች እንዳያረክሱኝ።"